ወደ ግራ መሄድ የረሳው ዳሌዬ

ኳየሩ በሙሉ ወደ ቀኝ ሲል እኔ ወደ ታች አልኩ።

ነገሩ በዚህች በአንድ መስመር ያልቅ ነበር። ግን እኔ በአንድ መስመር ያለቀ ነገር ኖሮኝ አያውቅም። ስለዚህ አረፍ በሉ። ከቻላችሁ ደግሞ እግራችሁን ሳታነባብሩ ተቀመጡ። ለምን እንደሆነ ኋላ ይገባችኋል።

የኛ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ሲዘምሩ እንደ ግንድ አይገተሩም። ቀኝ እግር ወደ ጎን ይሄዳል፣ ግራው ይከተለዋል። ከዚያ ግራው ይሄዳል፣ ቀኙ ይከተላል። ይኸው ነው። መሄድ የጀመረ ሕፃን ሁሉ ይችለዋል። መሪያችን ወንድም አሸናፊ ግን ሽብሸባን እንደ ወታደር ሰልፍ ነው የሚያየው። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከመስመሩ ጫፍ አጎንብሶ፣ ትከሻችንን እንደ አናጢ ይለካል። ያን ዕለት ሲለካ የኔ ላይ ደረሰና እጁን አነሳ። ኪቦርዱ ቆመ። ሶፕራኖው ቆመ። አንድ ባስ ብቻ ሳያውቅ ትንሽ ቀጠለ።

«እህቴ» አለኝ፣ «ወደ ቀኝ ነው ያልኩት። ወደ መሬት አላልኩም።»

«እየሄድኩ ነው እኮ!»

«እየሄድሽ አይደለም። እየሰመጥሽ ነው።»

እውነቱን ነበር። ቀኝ እግሬን ከመሬት ባነሳሁ ቁጥር የቀኝ ዳሌዬ ጎማው እንደተነፈሰ ሚኒባስ ዘጭ ይላል። የሚያመኝ ደግሞ የሰመጠው ቀኙ ሳይሆን ግራው ነው፤ በግራ ዳሌዬ በውጭ በኩል፣ የሱሪ ኪስ በሚሆንበት ቦታ። እንደ ጥርስ ሕመም እየተጠዘጠዘ በጭኔ ጎን ይወርዳል። በግራ ጎኔ መተኛት ካቆምኩ ሰንብቻለሁ። ግን የሴት ልጅ ሥራ ያደክማል ብዬ አልፌው ነበር።

ወንድም አሸናፊ ፈረደ። «እስከ መጨረሻው ልምምድ ካልተስተካከለ፣ አሰንዳቦ ላይ ከኋላ ትቆሚያለሽ። ከስፒከሩ ጎን።»

ስፒከሩ ከኔ ይረዝማል።

እዚህ ላይ ስለ እናቴ ካልነገርኳችሁ ለምን እንደደነገጥኩ አይገባችሁም። እናቴ ከዳውሮ መጥታ አሰንዳቦ መንገድ ዳር ሻይ ቤት ከፍታለች። ከጅማ አዲስ አበባ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ሁሉ ያውቃታል፤ እኔንም በእሷ አፍ ያውቀኛል። ትምህርት ቤት ሳለሁ «ልጄ ዶክተር ናት የምትሆነው» እያለች ነበር ሻይ የምትቀዳው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ መጣ። ዩኒቨርሲቲው እኔን፣ እኔም ዩኒቨርሲቲውን ሳንተዋወቅ ቀረን። ከዚያ ወዲህ ሾፌሮቹ «ዶክተሯስ?» ሲሏት ስኳር ትጨምርላቸዋለች። ተናግራ አታውቅም፣ ወቅሳኝም አታውቅም። ስኳሩን ብቻ ትጨምራለች። አሁን ግን የኛ ኳየር አሰንዳቦ በአዲሱ አዳራሽ ኮንፈረንስ ላይ ሊያገለግል ነው፤ እኔ ደግሞ ከፊት መስመር ተመድቤያለሁ። እናቴ ስለኔ የምትናገረው አዲስ ነገር አገኘች። «ልጄ ከፊት ነው የምትቆመው!» ብላ መንገዱን ሁሉ ሞላችው። እንግዲህ ከፊት ያለቻት ልጅ ከስፒከር ኋላ ብትገኝ፣ ለሾፌሮቹ ስኳር አይበቃቸውም።

ስለዚህ መዳን ነበረብኝ። በፍጥነት።

መጀመሪያ የኳየሩ እህቶች ጸለዩልኝ፤ አሜን አልኩ፣ ከልቤ ነው ያልኩት። አንዷ ግን ጸሎቱን ስትጨርስ «ሐኪም ጋርም ሂጂ፣ እሱም የጌታ ነው» አለችኝ። ሐኪም ቤት ወረፋ አለ ብዬ ቦሳ አዲስ ሰፈር ወደሚገኙ አንድ ሽማግሌ ወጌሻ ሄድኩ። «የት ነው የሚያምሽ ልጄ?» አሉኝ። ዳሌዬን ለሽማግሌ ማሳየት አፈርኩና «እግሬን» አልኳቸው። ምን ያድርጉ? እግሬን አሹ። ቁርጭምጭሚቴን በቅቤ አሽተው፣ አፍታተው፣ ጠቅልለው ሰደዱኝ። ጤነኛ የነበረው ቁርጭምጭሚቴ እንደገና ጤነኛ ሆነ። ስመለስ የባጃጁ ሾፌር «ዛሬ ምን የመሰለ ፍርፍር ሸተተኝ» እያለ አሽሟጠጠኝ፤ ከባጃጁ እስከ ቤቴ በር ድረስ ደግሞ የሰፈሬ የጊንጆ ድመቶች በክብር ሸኙኝ።

በማግስቱ ፈቲያ ሳቀችብኝ። ፈቲያ የሥራ ባልደረባዬ ናት። የምንሠራው በአጋሮ መንገድ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ቡና ማጠቢያ ነው። የታጠበው ቡና በእንጨት ቆጥ ላይ በተዘረጋ ወንፊት ላይ ይሰጣል፤ አልጋ እንለዋለን። አልጋው ረጅም ነው። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ቆመን፣ ቡናውን በእጃችን እያገላበጥን፣ የተበላሸውን እየለቀምን፣ ወደ ጎን ወደ ጎን እየተራመድን እስከ ጫፉ እንሄዳለን። ካቦአችን አንድ ሕግ አለው፦ ሥራ ሁልጊዜ ከደረቁ ጫፍ ተጀምሮ ወደ እርጥቡ ነው። እርጥብ ነክተሽ በዚያው እጅ ደረቁን ከነካሽ፣ የሱን ጩኸት አጋሮ ይሰማዋል።

እኔ የያዝኩት ወገን መንገዱ የሚታይበትን ነው። ሥራው ሲጀመር መሬት ላይ ቁጭ ብዬ «እዚህ ካልሆነ አልነሳም» በማለት ነው ያገኘሁት። እኔ አንድ ቦታ መርጋት የማልችል ሰው ነኝ፤ ቢያንስ ዓይኔ ይሂድ። ሚኒባስ ሲያልፍ፣ ሙሽራ ሲያልፍ፣ ፍየል የጫነ አይሱዙ ሲያልፍ ሁሉንም ለፈቲያ አወራላታለሁ፤ እሷ ለመንገዱ ጀርባዋን ሰጥታ ነው የምትሠራው። አንድም ቀን አጉረምርማ አታውቅም። ምን የመሰለች ደግ ልጅ ናት እል ነበር።

«ዳሌሽን አሞሽ ቁርጭምጭሚትሽን አሳሸሽ?» አለችኝ። «ያ ኢንታላ! አንቺ ልጅ! ራስሽን ቢያምሽ ኮፍያሽን ልታሳክሚ ነው? ሆስፒታል ሂጂ እንጂ!»

ሄድኩ። ወረፋውን አልተርክላችሁም፤ ወረፋ የማያውቅ አንባቢ የለም። መጨረሻ ላይ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል መሩኝ። ብሌን የምትባል ቀጭን ሴት ነጭ ጋውን ለብሳ ተቀበለችኝ። ኤክስሬይ፣ መርፌ፣ ቢያንስ ክኒን ጠብቄ ነበር። እሷ ግን መስታወት ፊት አቆመችኝ።

«ቀኝ እግርሽን አንሺ።»

አነሳሁ። ቀኝ ዳሌዬ ዘጭ!

«አሁን ግራውን።»

አነሳሁ። ቀጥ አልኩ። ራሴን በመስታወት ሳይ እንደ ባንዲራ ሰቀላ ዘበኛ ኮራሁ።

«አየሽ?» አለች። «የደከመው የሚሰምጠው አይደለም። የቆምሽበት ነው።»

አልገባኝም። የላስቲክ አጽም አመጣች። ክንፍ የሚመስለውን የዳሌ አጥንት በጣቷ ዳሰሰች። «ከዚህ ከውጭው ገጽ ጡንቻዎች ይነሳሉ። እንደ ማራገቢያ ሰፍተው ይነሱና ወደ ታች እየጠበቡ እዚህ፣ የጭን አጥንት ጉብታ ላይ ይያያዛሉ። አንቺን የሚያምሽ ይኼ ማያያዣው ነው። ሥራቸው ምን ይመስልሻል?»

«ዳንስ?»

«እግርን ከመሃል አርቀው ወደ ጎን ያወጣሉ። እሱ ግን ትንሹ ሥራቸው ነው። አንድ እግርሽን ስታነሺ፣ ያነሳሽው ወገን ከሥሩ የሚደግፈው የለም። መውደቅ ነበረበት። እንዳይወድቅ ከማዶ ሆኖ ዳሌሽን ጎትቶ የሚይዘው፣ የቆምሽበት እግር ጡንቻ ነው። ደግሞ ስትራመጂ ሁልጊዜ አንዱ እግርሽ አየር ላይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በእያንዳንዱ እርምጃሽ ይይዝሻል ማለት ነው።»

የጊንጆን መታጠፊያ በፍጥነት የምትጠመዘዝ ባጃጅ ታየችኝ። እንዳትገለበጥ ሾፌሩ መላ ሰውነቱን ወደ ማዶ ሲወረውር አላያችሁም? በቃ፣ እያንዳንዳችን ዳሌ ላይ እንደዚያ ያለ ሾፌር ተቀምጧል። ሁለት ሾፌር! አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። ከተወለድንበት፣ ቆመን መሄድ ከጀመርንበት ቀን ጀምሮ ወደ ገበያ ስንሄድ፣ ከወንዝ ውሃ ስንቀዳ፣ ቁልቁለት ስንወርድ፣ እየተቀባበሉ ይዘውናል። ታሪፍ አልጨመሩም። ለምን አንዴም ስማቸውን አልሰማሁም?

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ይኼን ጡንቻ ወደድኩት። የጅማ ጎረምሳ ጂም ገብቶ የሚያሳብጠው ክንዱንና ደረቱን ነው። ፎቶ የሚነሳው በክንዱ ነው። ስለ መቀመጫ የሚወራውን ደግሞ እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኔም አውቃለሁ፣ ኮንፈረንስ ላይ ስለምዘምር ዝም እላለሁ። ይኼኛው ግን ከትልቁ የመቀመጫ ጡንቻ ሥር ግማሽ ፊቱን ሸሽጎ፣ ማንም ሳያደንቀው፣ ማንም ሳይቀርጸው፣ ሰውን ቀጥ አድርጎ ያስኬዳል። ሴት ልጅ እንስራ ተሸክማ ውሃው ሳይነቃነቅ ስትሄድ አንገቷን ነው የምናደንቅላት። አንገቷ ምን አደረገ? ከታች ሆነው የሚመጣጠኑላት እነዚህ ሁለቱ ናቸው!

ብሌን ግን ፍቅሬን ለመስማት ጊዜ አልነበራትም። በሚያምሽ ጎን አትተኚ አለችኝ፤ በሌላው ጎን ስትተኚ በጉልበቶችሽ መሃል ትራስ አድርጊ፤ እግር አነባብሮ መቀመጥ ይቅር፤ ያመመሽን ቦታ ለማፍታታት ብለሽ አትወጥሪው፣ መወጠሩ ያብሰዋል። ለመጀመሪያ ግድግዳ አጠገብ ቆሜ፣ ግራ እግሬን በውጭ በኩል ግድግዳው ላይ ገፋ አድርጌ እንድይዝ አሳየችኝ። ምንም አይንቀሳቀስም። እግሬም፣ ግድግዳውም። ሲለምድ በጎኔ ተኝቼ የላይኛውን እግር ቀስ ብሎ ማንሳት ይመጣል። ጣቶቼ ወደ ፊት እያዩ፣ ወገቤ ወደ ኋላ ሳይንከባለል።

«ላስቲክ አስሮ ወደ ጎን መራመድም አለ» አለች፣ «እሱ ግን ለኋላ ነው።»

ለኋላ የሚለውን ቃል ጆሮዬ አያውቀውም።

በዚያው ቀን ማታ ጎማ ከሚጠግን ልጅ የባጃጅ ጎማ የውስጥ ላስቲክ አስቆረጥኩ። ከጉልበቴ በላይ በሁለቱም እግሬ አጠለቅሁት። ቀሚሴን ከላይ ለቀቅሁበትና፣ ክፍሌ ስለጠበበኝ፣ በጊንጆ መንገድ ዳር ወደ ጎን መራመድ ጀመርኩ። ቀኝ፣ ቀኝ፣ ቀኝ። አንዱ ባጃጅ አጠገቤ ቆመ። ያው የፍርፍሩ ሰውዬ ነው።

«እህት፣ ወዴት ነሽ?»

«ወደ ጎን!»

ትንሽ አሰበ። «ለወደ ጎን ታሪፍ አልወጣም» ብሎ ሄደ።

እሱን ለመስደብ ዞር ስል ላስቲኩ ተጠቅልሎ ወደ ጉልበቴ ወረደ። ሁለት እግሬ እንደታሰረ ዶሮ ሆነ። መንገዱ ዳር ያለውን የውሃ ቦይ ታውቁታላችሁ። እኔም አሁን በደንብ አውቀዋለሁ። ከአንድ ሱቅ ውስጥ አንዲት እናት «ያ ረቢ! ልጅቷን ምን ነካት?» እያሉ ወጡ። ደግፈው አወጡኝና ላስቲኩን ከቀሚሴ ሥር ሲያዩ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ያ ዓይን ከቦዩ ይብሳል።

በማግስቱ ከአልጋዬ መውረድ አቃተኝ። እያነከስኩ ብሌን ጋር ተመለስኩ።

«ማትሪክ ስትፈተኚ» አለችኝ፣ «የምታጠኚው በመጨረሻዋ ሌሊት ነበር?»

«በምን አወቁ?»

«ከዳሌሽ።»

ከዚያ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ጡንቻና ማያያዣው የሚጠነክረው ትንሽ ተጭኖበት፣ አርፎ፣ ከዚያ ትንሽ ሲጨመርበት ነው። ስትሠሪ ትንሽ ቢያምሽ ችግር የለውም፤ በማግስቱ ከበፊቱ ከባሰብሽ ግን አብዝተሻል ማለት ነው፣ ቀንሺ። ካነሰሽ ጨምሪ። በጣም ቀላል ነው። በጣም ቀላል ስለሆነ ነው ያቃተኝ። በነገራችን ላይ፣ ወድቆ እግሩን መርገጥ ያቃተው፣ ወይም ትኩሳት አብሮ የያዘው ሰው ግድግዳ አይግፋ፣ ቶሎ ይታይ ብላለች። እኔን ከቦዩ በኋላ በደንብ መርምራ ነው ይኼን ያለችው፤ እናንተም እንደኔ ቦይ እስክትገቡ አትጠብቁ።

«አሁን ግን አንድ ነገር አልገባኝም» አለች። «ዕድሜሽ ትንሽ ነው። በእግርሽ ትሠሪያለሽ። ለምን ግራሽ ብቻ? ሥራሽን አሳዪኝ።»

«እዚህ ቡና የለም እኮ።»

«እንዳለ አድርጊ።»

የምርመራ አልጋውን እንደ ቡናው አልጋ አደረግኩት። ወረፋ የሚጠብቁ በሽተኞች አንገታቸውን አስገቡ፤ አንገቱ በድጋፍ የታሰረ ሰውዬ ሳይቀር መላ አካሉን አዙሮ ያያል። እኔ አንሶላውን እያገላበጥኩ፣ የሌለ ብልሽት እየለቀምኩ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ ሄድኩ።

«ጫፍ ደረስሽ። ከዚያስ?»

«ከዚያ ከፈቲያ ጋር ትንሽ ወሬ።»

«እንዴት ቆመሽ?»

ቆምኩላት። ክብደቴን በሙሉ በግራ ዳሌዬ ላይ ጥዬ፣ ወገቤን ወደ ጎን ሰብሬ፣ ክርኔን አልጋው ላይ አሳርፌ። እናንተም ሱቅ ስትጠብቁ የምትቆሙት አቋቋም ነው። ብሌን ዓይኗን ጨፈነች።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እንደ ሰው እየተራመድኩ ወደ ደረቁ ጫፍ እመለሳለሁ። እንደገና ወደ ቀኝ።»

«ወደ ግራ የምትሄጂው መቼ ነው?»

አሰብኩ። ብዙ አሰብኩ።

«እሁድ» አልኩ። «ኳየር ላይ።»

ያ አንገቱ የታሰረው ሰውዬ መሳቅ ስለሚያመው እያቃሰተ ሳቀ። ብሌን ግን አልሳቀችም። ስትንጠለጠዪበት ጡንቻው ይተኛል አለች፤ ሸክሙ በማያያዣው ላይ ይቀራል፤ እሱም ጉብታው ላይ ይጫንና ይላጋል። «ቀኝሽ ቀኑን ሙሉ መንገድ ይከፍታል። ግራሽ ይጎተታል፣ ጫፍ ሲደርስ ደግሞ መደገፊያ ይሆናል። ካቦሽን አቅጣጫ ቀይር ማለት አይቻልም። ታዲያ ከአልጋው ማዶ ብትቆሚስ?»

ከማዶ ከቆምኩ ከደረቅ ወደ እርጥብ የሚወስደኝ ግራ እግሬ ነው። አቤት ጭንቅላት! እዚያው ላቅፋት ነበር። ግን ማዶ የፈቲያ ነው፤ ማዶ ከሄድኩ ደግሞ መንገዴን አጣለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ከራሴ ጋር ተከራከርኩ። ጠዋት ትልቅ መስዋዕትነት የሚከፍል ሰው ፊት ይዤ ፈቲያ ጋር ቀረብኩ።

«ፈቲያ፣ መንገዱን ሰጥቼሻለሁ። ቦታ እንቀያየር።»

«አይሆንም።»

«ምን?»

«ወላሂ አልቀየርም።»

«መንገዱን እኮ ነው የምሰጥሽ! ሚኒባሱን፣ ሙሽራውን...»

«መንገድ ምን አለው? አይሱዙ ነው» አለችና አገጯን ከጀርባዬ ወደ ጫካው ቀሰረች። «እኔ ጉሬዛ ነው የማየው።»

ዞር አልኩ። ከማጠቢያው ኋላ፣ ከቡናው በላይ ባሉት ትልልቅ የጥላ ዛፎች ላይ፣ ጥቁርና ነጭ ካባ የለበሱ የሚመስሉ ጉሬዛዎች ጭራቸውን እንደ መጋረጃ አንጠልጥለው ተቀምጠዋል። አንዷ ልጇን ታቅፋለች፤ ልጁ ነጭ ነው፣ በረዶ የመሰለ። አንዱ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲወረወር ካባው ተከፍቶ አየር ላይ ቀረ። ወሩን ሙሉ ይኼ ሁሉ ከጀርባዬ ሲሆን እኔ ስለ ፍየል ጭነት አወራላት ነበር!

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ትነጥቂኝ ነበር። መሬት ላይ ቁጭ ብለሽ!»

ደግ ልጅ ያልኳት ይቺ ናት። አደነቅኳት፤ በተንኮሏም በዓይኗም። ግን እኔም የጨረስኩ አልነበርኩም። «ግራ እግርሽን አንሺ» አልኳት።

«ለምን?»

«አንሺ ብዬሻለሁ!»

አነሳች። የግራ ዳሌዋ ዘጭ! እሷ ከፊቴ ሆና ቀኑን ሙሉ ወደ ግራ የምትሄድ፣ ጫፍ ላይ በቀኟ የምትንጠለጠል፣ በመስታወት ውስጥ ያለሁ እኔ ናት። ሁለታችንን ቆርጠው ቢገጣጥሙን አንድ ደህና ሴት ይወጣን ነበር።

«ያ አላህ!» አለች፣ «ደረጃ ስወጣ የሚወጋኝ ለዚህ ነው?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን መቆጣጠር አልቻልኩም። ጎረቤት አልጋ ያሉት ሰምተው ሞከሩ። የነሱ ጎረቤቶች ሞከሩ። ካቦው ሲመጣ፣ የማጠቢያው ሴቶች በሙሉ ፀሐይ ላይ በአንድ አንድ እግር ቆመው እርስ በርስ ዳሌ ይተያያሉ።

«ምንድን ነው ይኼ? ቡናው እየተቃጠለ!»

«ጋሼ፣ እርስዎም ያንሱ!» አለችው ፈቲያ።

«እኔ ደህና ነኝ!» ብሎ እግሩን አነሳ። አልጋውን ባይዝ ኖሮ ከቡናው ጋር ተሰጥቶ ነበር። ሴቶቹ ሳቁ ሲባል ትንሽ ነው። እሱ ግን፣ ስሙን በደግ ላንሳለትና፣ አልተቆጣም። ወገቡን እያሻሸ «በሉ፣ ከምሳ በኋላ ሁላችሁም ቦታ ትቀያየራላችሁ» አለ። «አቅጣጫው ግን ከደረቅ ወደ እርጥብ ነው! ዳሌም ቢሆን!»

እንዲህ ሆኖ ጠዋት ፈቲያ ጉሬዛ፣ እኔ መንገድ፤ ከሰዓት እኔ ጉሬዛ፣ እሷ መንገድ ሆንን። ጫፍ ስንደርስ በሁለት እግራችን ቆመን እናወራለን፤ አንዷ ስትንጠለጠል ሌላዋ የቡና ፍሬ ትወረውርባታለች። ማታ ማታ ግድግዳዬን እገፋለሁ። ከዚያ በጎን መተኛቱ መጣ፤ ከዚያ ደረጃ ላይ ቆሞ ዳሌን ሳያሰምጡ ቀስ ብሎ መውረድ። ላስቲኩ ራሱ በተራው መጣ፣ ቀሚስ ሳይሆን ሱሪ ለብሼ፣ ግቢ ውስጥ፣ ግራ የሄድኩትን ያህል ቀኝ። አንዳንድ ቀን አብዝቼ በማግስቱ ቀንሻለሁ። ቀስ ማለት ለኔ ከሁሉም የከበደው ስፖርት ነው። ግን ግራ ዳሌዬ፣ ያ ዝምተኛ ሾፌር፣ አንድ ቀን ጠዋት ሳልጠራው መሪውን ያዘ። ባጃጅ ለመሳፈር ቀኝ እግሬን ሳነሳ ምንም አልሰመጠም። ቆሜ ቀረሁ። ሾፌሩ «ትገቢያለሽ ወይስ ወደ ጎን ነሽ?» አለኝ።

የመጨረሻው ልምምድ ላይ ወንድም አሸናፊ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አጎነበሰ። መዝሙሩ አለቀ። አሁንም አጎንብሷል። ተነስቶ አየኝና «ፊት» አለ። ከዚህ የረዘመ ምስጋና ከሱ አፍ ወጥቶ አያውቅም።

አሰንዳቦ። አዲሱ አዳራሽ ሞልቶ በመስኮት ፈስሷል። እኔ ከፊት ነኝ፣ ስፒከሩ ከኋላ። መዝሙሩ ጀመረ። ቀኝ፣ ግራ። ያዘኝ። ቀኝ፣ ግራ። ያዘኝ! በእያንዳንዱ እርምጃ ውስጤ «ጎበዝ፣ ጎበዝ» እያልኩ የማመሰግነው ሌላ ሰው ሳይሆን ዳሌዬን ነው፤ ፈጣሪውንም፣ በእርግጥ።

እናቴን ፈለግኋት። ሦስተኛው የወንበር ረድፍ ላይ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ቆማለች። አለቀሰች ወይስ ሳቀች ሳልለይ ዓይኔ ወደ ታች ወረደ። ክብደቷን በሙሉ በግራ ዳሌዋ ላይ ጥላ፣ ወገቧን ሰብራ፣ ክርኗን በጎረቤቷ ትከሻ ላይ አሳርፋ! ያንን አቋቋም አወቅሁት። የኔ ነው። ለካ የወረስኩት ነው! ስንት ዘመን ሻይ ቤቷ ባንኮኒ ላይ እንዲህ ተንጠልጥላ ኖራለች?

መዝሙሩ መሃል ላይ እንደሆንኩ ረሳሁት። ሁለት እጄን ዘርግቼ፣ መዳፌን እያመዛዘንኩ፣ «በሁለቱም! በሁለቱም ቁሚ!» ብዬ ምልክት ሰጠኋት። እናቴ የመዝሙሩ እንቅስቃሴ መሰላት። ሁለት እጇን ዘረጋች፣ ክብደቷን ወደ ቀኝ አዞረች፣ ከዚያ ወደ ግራ። ጎረቤቷ ተከተላት። ረድፉ በሙሉ ተከተለ። ከኋላ ያሉት ከፊት ያሉትን አዩ፤ በመስኮት ያሉት ከውስጥ ያሉትን አዩ። አዳራሹ ሁሉ እጁን ዘርግቶ እኩል በሁለት እግሩ ቀኝና ግራ ሲል፣ ወንድም አሸናፊ ሁለቱንም ዓይኖቹን ከፍቶ አየሁት። ሲያልቅ ወደኔ መጣ። ሊያባርረኝ ነው ብዬ አሰብኩ።

«ማን ፈቀደልሽ?» አለ። ቀጥሎ «እንቅስቃሴው በቀጣዩ መዝሙር ይግባ» ብሎ ሄደ።

ከፕሮግራሙ በኋላ እናቴ ሻይ ቤት ተቀመጥን። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ገባ፤ እናቴ ሻዩን ሳትቀዳ ጀመረችው። «ከፊት ነበረች! ሕዝቡን ሁሉ እሷ ናት ያንቀሳቀሰችው!» ስትለው ባንኮኒው ላይ፣ በግራ ዳሌዋ፣ ተንጠልጥላ ነው።

«እማዬ» አልኳት፣ «እሱን ዳሌሽን አትደገፊው። ማታ በዚያ ጎንሽ ስትተኚ ያምሻል አይደል?»

 በሁለት እግሯ ቆመች። ቀኝ ዳሌዋን ነካች፣ ግራውን ነካች፤ ግራው ላይ ፊቷ ተኮማተረ።

«በምን አወቅሽ?» አለችኝ።

«ነይ፣ ግድግዳው አጠገብ ቁሚ። እግርሽን ቀስ ብለሽ ወደ ውጭ ግፊ። ግድግዳው አይሄድም፣ አትፍሪ። ነገ ከባሰብሽ ቀንሺ። ካልሻለሽ ደግሞ ጅማ ይዤሽ እሄዳለሁ፣ ብሌን የምትባል አለች።»

እናቴ ግድግዳዋን እየገፋች ወደ ሾፌሩ ዞረች። ስኳሩን እንኳ ረስታዋለች።

«አላልኩህም?» አለችው። «ዶክተር ናት።»